ቀምሶ የሚሸጠው ሰው

ይዲድያ መልኩን ይወድ ነበር። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ቦንጋ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቀይ፣ ቆዳው የጠራ፣ ጥርሱ ተመርጦ የተተከለ የሚመስል ጎልማሳ ነበር። ፊቱን ቅባት ሳይቀባ ከቤቱ አይወጣም፤ የሱቅ መስታወት ካየ አንገቱን ሳያዞር አያልፍም። በገበያ ቀን ጠረጴዛውን መንገድ ዳር ይዘረጋል፤ ሐኪም የሚያስመስለውን ነጭ ጋውን ይለብሳል፤ ማይክሮፎኑን ከንፈሩ ላይ ይለጥፍና ይጀምራል። እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ነው፤ ጠርሙሱን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያማረ ሰው እንዴት ይዋሻል ይላሉ። ይዋሻል እንጂ፤ እንዲያውም ያማረ ሰው ሲዋሽ ያምርበታል።

የሚሸጠው ውሃ ነው። ስሙን “ናኖ ጠል” ብሎታል። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደሚለው በውስጡ ዓይን የማያያቸው የብር ቅንጣቶች አሉ፤ ጌጥ የሚሠራበት ብር ማለት ነው። ቅንጣቶቹ ደም ውስጥ ገብተው ስኳሩን፣ ደም ብዛቱን፣ ሪሁን፣ ጨጓራውን፣ የሴቷን መካንነትና የወንዱን ድካም ጠራርገው ያወጣሉ። የጎንዮሽ ጉዳት የለውም፤ በጠጡት ቁጥርም መልክ ያሳምራል። ይቺን የመጨረሻዋን ሲያነብ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞራል፤ ያየውም ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድዳል።

በእኛ አገር ደግሞ የሚጠጣ ነገር ያቀረበ ሰው ቀድሞ ካልቀመሰ እንግዳው እጁን አይዘረጋም። ጠጅ ቀጂዋ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ቦርዴ ያቀረበች የገጠር ሴትም እንደዚያው። መርዝ የለበትም ማለት ነው። ከተማ የገባን ሰዎች ብዙውን ወግ ጥለናል፤ ይቺን ግን አልጣልናትም። ይዲድያም ይህን ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ ገዢ፣ ዓይኑ እያየ፣ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጣት የማሳያ ጠርሙስ አንድ ጉንጭ ይጎነጫል። ቦንጋ ሲቀምስ ይውላል፤ በሌላው ቀን ሺሺንዳ፣ ከዚያ ዋጫ። ነጋዴዎቹ “ቀምሶ ሻጩ” ይሉት ጀመር፤ እሱም ስሙን ወደደው። ምን ይፈራል? የሚጠጣው ከግቢው ቧንቧ የቀዳውን ውሃ መሆኑን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ወይም የለም ብሎ ያስብ ነበር።

ዕፀገነት ግን ኋላ ደረሰችበት።

ዕፀገነት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሰፈር የእትዬ ዓባይነሽ ልጅ ናት። የእትዬ ዓባይነሽ አያት ከጎጃም በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እትዬ ራሳቸው ዕድሜያቸውን መዘጋጃ ቤት ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ እንስራ ውስጥ ያቀዘቅዙታል፤ ጠዋትና ማታ ጭናቸውን ራሳቸው ይወጋሉ፤ እንዲህ ሆነው ስንት ዓመት ኖሩ። ሰው ሲያዝንላቸው “ከስኳር ጋር ተጋብተናል፤ ፍቺ የለውም” እያሉ ይስቁ ነበር።

ዕፀገነት ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር አዲስ አበባ ሄዳ ሳለ፣ ከእናቷ ጋር ታላቅ ወንድሟ ደምመላሽ ብቻ ቤት ቀርቶ ሳለ፣ እትዬ ዓባይነሽ የይዲድያ ደንበኛ ሆኑ። ናኖ ጠሉን ጠዋትና ማታ መጠጣት ጀመሩ፤ መርፌውን ተዉ። ደምመላሽ አንድ ጊዜ ቢጠይቃቸው “በአዲስ ነገር ተለውጦልኛል” አሉት፤ እሱም ሐኪም የለወጠላቸው መስሎት ዝም አለ። አንድ ጠዋት አልነቃ ብለው በባጃጅ ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ መጨረሻ የተወጉት መቼ ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ጠፋ። ማታውን አረፉ።

ዕፀገነት የደረሰችው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሕዝብ አልፋ እናቷ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው ሥር የናኖ ጠል ባዶ ጠርሙሶች በሥርዓት ተደርድረው አገኘች። እንስራውን ከፈተችው፤ የኢንሱሊኑ ብልቃጦች ማሸጊያቸው እንኳ ሳይነካ፣ ቀዝቅዘው፣ ተቀምጠው ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከድንኳኑ የመጡት ሴቶች “ደርቃ ቀረች፤ ታልቅስ እንጂ” እያሉ ሲጎተጉቷት እሷ በልቧ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ታጠና ነበር።

ወንድሟ ደምመላሽ ስሙ የሚያስፈራ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ ገጀራ እንደሚስል፣ ይዲድያን እንደ ሙዝ ግንድ እንደሚከታትፈው ሲምልና ሲገዘት ሰፈሩ ሰማ። በማግሥቱ ራሱን አመመው። በሳልስቱ ረሳው አይባልም፣ ግን ገጀራውን ለጎረቤት ቡና ምንጠራ አዋሰው። ዕፀገነት አልፈረደችበትም። አንዱ ቢሮ ሄዳ ብታመለክት “እናትሽን ማን አስገደዳቸው?” አሏት። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ትታላቸው ወጣች።

ልትገድለው አልፈለገችም። ሞት ለእሱ አነሰባት። የሞተ ሰው ተለቅሶለት፣ ተዝካሩ ተበልቶ፣ “ደግ ነበር” ተብሎ ያርፋል። እሷ የፈለገችው ይዲድያ እንዲኖር፣ ብዙ ዘመን እንዲኖር፣ በየቀኑም ሲነጋ ያደረገውን እንዲያይ ነው።

ትምህርቷን ጨርሳ ቦንጋ ሥራ ያዘች። ከከተማው ከፍ ብሎ በተከራዩት ቪላ ቤት ውስጥ አንድ የንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት ነበር። የሚመራው ኢንጂነር በዛብህ ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ሲሆን ስለ ናኖ ከተጀመረ አይቆምም። ጎብኚ ሲመጣ የአንዲትን ጤፍ ወርድ ለሚሊዮን ብንከፍለው ብሎ ይነሣል። በዚያ መጠን የተሠራ ነገር ነቀርሳን ገና ሳያብጥ ያገኘዋል፤ ማዳበሪያን ከሥሩ ሥር ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ቡናችንን መርከብ ላይ ከሻጋታ ያድናል፤ የፀሐይ ብርሃንን እንደ ቀለም ጣሪያ ላይ ቀብተን መብራት እናገኝበታለን። ሰምተው ሲወጡ ናኖ የማይሠራው ወጥ ብቻ ይመስላል።

የእነሱ ሥራ ግን እውነተኛ ነበር። የቡና ቅጠል አፍልተው ከጭማቂው ጋር የብር ጨው ያዋህዱታል፤ ቅጠሉ ብሩን ወደ ጥቃቅን ቅንጣት ይለውጠዋል። በዚያ የሸክላ ማጣሪያ ይነክራሉ። ብሩ ሸክላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የምንጭ ውሃ በማጣሪያው ሲያልፍ ተውሳኩ ይሞታል። ውሃውን የሚጠጣው ሰው ጋ የሚደርስ ብር ከምንም አይቆጠርም። ማጣሪያዎቹን ሺሺንዳ አካባቢ ላሉ ቤቶች አድለው ነበር፤ የልጆቹ ተቅማጥ ቀንሷል ተብሎ ሪፖርት ተጽፏል። ዕፀገነት ይህን ሥራ ትወደው ነበር። በቀሏ ከያዛት ቀን በስተቀር ስለ ሌላ ነገር አታስብም።

አንድ የገበያ ቀን ይዲድያ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። እሱ አያውቃትም። እንደ ወጉ ተጎነጨላትና ዓይን ዓይኗን እያየ “ለመልክም ይረዳል፣ እህቴ” አላት። ገዝታ ላብራቶሪ ወሰደችው፤ መጋረጃውን ዘግታ በጠርሙሱ ውስጥ የሌዘር መብራት አበራችበት። እውነተኛ የብር ቅንጣት ያለበት ውሃ ቢሆን ጨረሩ በውሃው መካከል እንደ ቀይ ክር ተዘርግቶ ይታያል፤ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ይበትኑታልና። በይዲድያ ጠርሙስ ውስጥ ምንም አልታየም። ጨረሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ። የቧንቧ ውሃ። እናቷ ለቧንቧ ውሃ ነው የሞቱት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ስትጨርስም ምን እንደምታደርግ ታውቅ ነበር።

ፕሮጀክቱ ለከተማው ሕዝብ በሩን የሚከፍትበት ቀን ነበረው። ዕፀገነት በዛብህን ለምና የብርሃኑን ነገር ለማሳየት ተመደበች። በአንድ ብርጭቆ ተራ ውሃ፣ በሌላው ማር የመሰለ የብር ውሃ አድርጋ መብራት አጠፋች። ቀዩ ክር በማሩ ውስጥ ብልጭ ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አንዲት ነጋዴም “ይህ የይዲድያ መድኃኒት አይደለም እንዴ?” አለች። ዕፀገነት አልመለሰችላትም። ወሬ በቦንጋ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ሰውየው እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀራት።

ሳምንት ሳይሞላ መጣ። ተቀባብቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ፈገግ ብሎ። ያቺ የምታበራ ውሃ ለማስተማሪያ ትጠቅመኛለች፣ ሕዝባችን ሳይንስ ካላየ አያምንም አላት። ዕፀገነት ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ለደንበኞቹ እየቀዳ ይሸጥ እንደሆነ ነው። ሳቀባት። ይህን የመሰለ ውድ ነገር ማን በየጠርሙሱ ያድላል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ላለችው ለማሳያዋ ብቻ ነው አላት። ይህን ስትሰማ ልቧ ረጋ። በሌላ በማንም እናት ጉሮሮ እንዲወርድ አልፈለገችም፤ በእሱ ብቻ።

ጠርሙሷን ሞልታ ስታቀብለው ለጊዜው በእጁ ይዞ አመነታ።

“መምህርት፣ ይቺን ብቀምሳት ትጎዳኛለች እንዴ?”

“ወረቀትዎ ላይ ምን ብለው ጽፈዋል?”

“የጎንዮሽ ጉዳት የለውም ነው የሚለው።”

“ታዲያ እኔን ምን ይጠይቁኛል? ይህን ያህል ጊዜ የሸጡት እርስዎ ነዎት።”

ይዲድያ ከት ብሎ ሳቀና ወጣ። ፍርድ መስጠት ለሚወድ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገረው። ዕፀገነት በልቧ ምላ ነበር፤ ሰውየው “ወረቀቱ ውሸት ነው፤ የምሸጠው ውሃ ነው፤ እውነቱን ንገሪኝ” ካለ እንዳትጠጣ ልትለው። በሩ ክፍት ነበር። ውሸቱን ከእውነት ይልቅ ስለወደደው በገዛ እጁ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጣ ያስሞላ ጀመር። ዋጋ አልተቀበለችውም፤ ለሳይንስ ነው ትለዋለች። በመጣ ቁጥር ገበያው እንዴት እንደነበር ትጠይቀዋለች፤ ገዢው በበዛ ቁጥር መቅመሱም ይበዛልና። ለአንድ ነጋዴ እንዲህ ከልቡ መልካም ገበያ የተመኘ ሰው ካፋ ውስጥ የተፈጠረ አይመስለኝም። ቡና የተሸጠበት ወቅት ሲሆን፣ ገበሬው ኪሱ ሞልቶ ሲወጣ፣ ይዲድያም ከጠዋት እስከ ማታ ሲጎነጭ፣ ዕፀገነት ፊቷ ወዝ አወጣ። የሥራ ባልደረቦቿ ፍቅር ይዟት ነው አሉ።

እሷ የምታውቀውን ልንገራችሁ። ሰው በብዛትና ለረጅም ጊዜ የጠጣው ብር በሽንት አያልቅም። ቆዳ ሥር ሄዶ ይተኛል፤ ፀሐይ ሲያገኘው አንገት ላይ እንደዋለ የብር መስቀል ይጠቁራል። መስቀሉን በአመድ ብታሹት ይጠራል፤ የሰው ቆዳ ግን ከውስጥ አይታሽም። አይገድልም። አያሳምምም። የገባው ዕድሜ ልክ አይወጣም፤ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተለወጠው የጥፍሩ ሥር ነው። ጠርሙሷን ሲያቀብላት አየችው፤ ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ የመሰለ ጥላ አርፏል። ደስ አላት። ደስ አላት ብዬ ልጻፈው እንጂ ምን እላለሁ፤ በሩን ከኋላው ዘግታ ብቻዋን እልል ማለት ቀራት። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ቆማ ከሕዝቡ ጋር አባታችን ሆይ ስትደግም፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚለው ጋ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች፤ ሌላው ሰው ከጨረሰ በኋላ ትቀጥላለች። ለእግዚአብሔር መዋሸት አልፈለገችም።

ከዚያ ድዱ፣ ከዚያ የዓይኑ ዙሪያ፣ ከዚያ ያ የሚወደው ፊቱ። ቅላቱ ቀስ እያለ ከሥሩ አመድ እየሆነ ሄደ። ፀሐይ የሚያየው ግንባሩና አፍንጫው ከሁሉ ባሰ። ቅባቱን ለወጠ፤ ሎሚ አሸ፤ ማር ተለቀለቀ። ይህም ሳይበቃ ሌላ ነገር አደረገ፤ ዕፀገነት ስትሰማ እሷም ራሷ ደነገጠች። ለሕዝብ የሚሸጠው ውሃ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ግን ከላብራቶሪ የመጣች፣ የምታበራ፣ እውነተኛዋ ናት። ስለዚህ ጉበቴ ታሞ ነው ብሎ እሷኑ ለመድኃኒት ጠዋትና ማታ ይጠጣት ጀመር። በቶሎ እንድትሞላለት እየለመነ በሳምንት ሁለት ጊዜ መምጣት አበዛ። እሷም ሞላችለት።

ገበያው አወቀበት። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ጉበቱ ነው አሉ፤ ከዚያ እርግማን ነው አሉ፤ በመጨረሻ አንዲት ኸይሪያ የምትባል ቅመም ነጋዴ ሁሉም የሚያስበውን ጮክ ብላ ተናገረችው፤ “መልክ ያሳምራል ያልከው ይህንን ነው?” አለችው። ሰው ሳቀ። በሻጭ ላይ ገበያ ከሳቀ አለቀለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቀምስ የሚያየው እንጂ ከእሱ በኋላ የሚቀምስ ጠፋ። የገዙትም ጠርሙሳቸውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ደፉለት። ነጩን ጋውን አጥፎ በጉያው ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አሮጌ ቆርቆሮ በመሰለ ፊቱ በገበያው መካከል ሲያልፍ ዕፀገነት ከባንኩ ደጃፍ ቆማ አየችው። እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ማታ ቤቷ ገብታ የጠገበ ሰው እንቅልፍ ተኛች።

በቀል ግን አንድን ሰው ለይታ አትመታም። ጥቂት ቆይቶ ከሺሺንዳ በሚመጣ አይሱዙ ላይ የሸክላ ማጣሪያዎች ተጭነው ፕሮጀክቱ ግቢ ተራገፉ። ሰዎቹ መልሰው ልከዋቸው ነው። ናኖ የተባለ ነገር ቤታችን አይገባም፤ ሰውየውን ምን እንዳደረገው አይተናል ብለዋል። በዛብህ ራሱ ሄዶ ቢለምናቸው፣ ይህ ሌላ ነው፣ ብሩ ሸክላው ላይ ነው የሚቀረው ቢላቸው፣ አንዲት እናት የታመመ ልጅ አቅፋ “ልጄ ይሙት እንጂ አይጥቆር” አለችው። ይህን ተመልሶ ለሠራተኞቹ ነገራቸው። ከተሰበሩት ማጣሪያዎች አንዱን አንሥቶ ማን ነው ለዚያ ወንበዴ እውነተኛውን ብር የሰጠው ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ ጠየቀ። ዕፀገነት የመጀመሪያውን ጸጸት ያን ጊዜ ቀመሰች። ግን አልተናገረችም። ነገ ይመለሳሉ፣ ሰው ይረሳል ብላ ራሷን አባበለች። ከተናገረች ሥራዋም ስሟም ያበቃል፤ ከሁሉም በላይ ይዲድያ ተበዳይ ይሆናል። ያንን አትሰጠውም።

ይዲድያ የመጣው ዝናብ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌሎቹ ስብሰባ ወጥተው ብቻዋን ነበረች። ፎጣ ተከናንቧል፤ ሲገልጠው ያሰበችውን ሁሉ ስታይ ልቧ ዘለለ። ተቀመጥ አላለችውም። በእኛ ዘንድ ከደጅ የመጣን ሰው አለማስቀመጥ ስድብ ነው፤ እሱም ስድቡን ተቀብሎ ቆመ።

“መምህርት፣ ጉበቴ ደህና ነው አሉኝ። ምንድን ነው ያደረገኝ?”

“ብሩ ነው። እኔ የሰጠሁህ።”

አንቱታውን እዚያ ላይ ጣለችው። እሱ ግን የሰማ አልመሰለም።

“መድኃኒቱስ?”

“የለውም።” ይህችን ቃል ለመናገር ያሳለፈችውን ጊዜ ሁሉ አሰበች። “ያንተ መድኃኒት የለውም፣ ይዲድያ። የእናቴ ግን ነበረው። እንስራ ውስጥ ነበር፤ ማሸጊያው ሳይከፈት።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። ይዲድያ እናቷ ማን እንደሆኑ ጠየቃት፤ ነገረችው፤ ሰፈሩን፣ ግቢውን፣ ስማቸውን። እንዲክድ ጠበቀች። እንዲንበረከክም ጠበቀች። ለሁለቱም መልስ አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ አያት።

“አዲስ አበባ የሚማሩት ልጃቸው እርስዎ ነዎት?” አለ። “እትዬ ዓባይነሽን እንዴት እረሳለሁ። ይህን ስም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።”

“የምን ስም?”

“ናኖ የሚለውን። እኔ በመጀመሪያ ጠል ብቻ ነበር የምለው፤ ለጨጓራ ነበር የምሸጠው። በሰፈራቸው ሳልፍ ጠርተውኝ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ደም የሚያጠራ ነው፣ ዓይን የማያየው ኃይል አለው ስላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ‘ናኖ ነው! ናኖ ነው በለኛ!’ አሉኝ።”

“አትዋሽ።”

“ዓይን የማያያት ነርስ ናት አሉኝ። ደም ውስጥ ገብታ ስኳሩን ራሷ ትለካለች፣ መድኃኒቱን ራሷ ትሰጣለች፣ መርፌ ይቀራል። ልጄ ነግራኛለች፣ ይኸው ደረሰ አሉ። እኔ ምን ላድርግ? አዎ አልኩ። ሻጭ ነኝ። ገዢ ራሱ ስም ሲያወጣ እምቢ ይባላል?”

ዕፀገነት ጠረጴዛውን ያዘች። ዓይን የማያያት ነርስ የሚለውን ከእናቷ በቀር ለማንም ተናግራው አታውቅም። አዲስ አበባ፣ የተማሪዎች መኖሪያ ኮሪደር ላይ፣ እናቷ በስልክ ጭኔ መርፌ የማስገባበት ቦታ አጣ፣ ሁሉም ቆሰለ ብለው ያለቀሱ ቀን ነው የተናገረችው። ልታጽናናቸው ነው። ውሸትም አልነበረም፤ በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተማረችው ነው፣ በዓለም ላይ ያሉ ሊቃውንት የሚደክሙለት፣ አንድ ቀን የሚሆን ነው። እናቷ በስልኩ ውስጥ “እሰይ ልጄ፤ እሰይ” ሲሉ ሰምታ ደስ ብሏት ዘጋችው። “ገና ነው” የምትለዋን ቃል ብቻ አልጨመረችም።

“ከዚያ በኋላ ሰፈሩን ሁሉ ያስገዙልኝ እሳቸው ናቸው” አለ ይዲድያ። አሁን ለእሷ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። “መርፌውን ተዉ አላልኳቸውም። አትተዉ ብዬም አልነገርኳቸውም። በሄድኩ ቁጥር ያስቀምጡኝና ስለ እርስዎ ያወሩኛል። አንድ ቀን ጭናቸውን እየዳሰሱ ‘ዛሬ አልወጋሁም፤ ልጄ ገላገለችኝ’ አሉኝ። ሲስቁ እንደ ልጅ ነበሩ።”

ፎጣውን መልሶ ተከናነበና ወደ በሩ ዞረ። ከእሷ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ዕፀገነት ግን ሳታስበው በሩ ላይ ቀደመችው። ያን የከሰለ ፊቱን በቅርብ አየችው፤ ጥላቻዋ አሁንም እዚያው ነበር፣ ምንም አልጎደለም። ግን እናቷ በመጨረሻዎቹ ወራት ስለ እሷ የተናገሩትን የሰማ፣ ሲስቁ ያየ፣ ከእሱ በቀር በምድር ላይ ሰው አልነበረም። ወንበሯን ከጠረጴዛው ሥር ሳብ አድርጋ አቀረበችለት።

“ቁጭ በል” አለችው። “ሌላስ ምን አለች?”